አራተኛው ጉልላት

በእኛ ቤት «ባዶ» የሚል ቃል አይነገርም ነበር። ጨው ሲያልቅ የጨው ዕቃው «ተቀዳ» ይባላል እንጂ ባዶ ሆነ አይባልም። ወንድሜ በሒሳብ ፈተና ዜሮ ያገኘ ቀን እንኳ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ተቀዳሁ» ነው ያለው። አባቴ ሊቆጣ ብድግ አለና ሳቁ ቀደመው። ሕጉን ያወጣው ራሱ፤ በማን ይፍረድ?

አባቴ ነዳጅ ቀጂ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰባት ማደያ ሁለት ፓምፕና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ያላት፣ መንገድ ዳር ኩርምት ያለች ነገር ነበረች። የእኛ ቤት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለችው ክፍል። አባቴ ያችን ክፍል የተከራያት ከአልጋው ሳይነሣ ፓምፖቹን በመስኮት ማየት ስለሚችል ነው። እናቴ በዚህ ስትነዘንዘው ኖረች። «እኔን አግብቶ ፓምፕ ሲያይ ያድራል» ትላለች። እሱም «አንቺን ማን ይሰርቅሻል? ስትጮኺ አገር ይሰማል» ይላታል። እውነቱን ነው። ምሳ ሲደርስ መስኮቱን ከፍታ አንድ ጊዜ ስትጠራው፣ ነዳጅ ሊያራግፍ የመጣ ቦቴ እያጓራ እንኳ ድምፅዋ ከላዩ አልፎ ይደርሰዋል። እሱም የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ወንድሜና እኔም እንደዚያው ነበርን።

ባዶ የተከለከለበት ምክንያት አለው። አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባው ቤንዚን የነበረበትን በርሜል «ባዶ ነው፣ አትፍራ» ብሎ ለበያጅ ሰጠ። በያጁም አምኖት እሳቱን አስጠጋ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አልተነሡም። «ሙሉ በርሜል ይቃጠላል፤ የሚፈነዳው ባዶ የምትሉት ነው» ይለን ነበር አባቴ። «ቤንዚኑ ቢወጣ ተኑ የት ይሄዳል? አይታይም እንጂ አለ። ስለዚህ ተቀዳ በሉ። ባዶ ብሎ ነገር የለም።» እኛ ልጆቹ ቁም ነገሩን ትተን ጨዋታውን ወሰድነው፤ ሆዳችን ሲርበን ሳይቀር «እማዬ፣ ተቀድተናል» እንላለን።

ትምህርት ቤት አጠገባችን የሚቀመጡ ልጆች «ቤንዚን ቤንዚን ትሸታላችሁ» እያሉ ይሸሹን ነበር። ወንድሜና እኔ እጃችንን፣ ልብሳችንን፣ አንዳችን የአንዳችንን ፀጉር አሽትተን ምንም እናጣለን። (ያኔ ወንድሜም ፀጉር ነበረው።) አባታችን ማታ ገብቶ ሲያቅፈንም ምንም አይሸተንም። በዚያ ሽታ ውስጥ ስላደግን አፍንጫችን ከቤት ዕቃ ቆጥሮት ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ አባቴን ከሩቅ ያሸትተዋል፣ እኛ የገዛ ልጆቹ ግን ሽታውን ሳናውቀው ቀረን። ይህ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

አልጋው የእናቴ ነው፣ የሠርጓ። ከብረት የተሠራ፣ በአራቱም ቋሚዎች ጫፍ ላይ ክብ የነሐስ ጉልላት የተገጠመለት። እናቴ ጉልላቶቹን በአመድና በሎሚ አሽታ አሽታ መልኳን ታይባቸዋለች። አባቴ ደግሞ ከመሬት በታች የተቀበረው ታንከር ምን ያህል እንደያዘ የሚለካበት ረጅም እንጨት ነበረው። ጠዋት ጠዋት እንጨቱን በጠባቡ ቱቦ ሰዶ ታች እስኪነካ ያወርደዋል፤ ከዚያ አውጥቶ የረጠበውን ያነባል። የእንጨቱ ጫፍ የብረት ቆብ ነበረው፤ ይህ ነገር አባቴን እንቅልፍ ነሣው። ብረት ብረትን ሲመታ ብልጭ ይላል፤ ነሐስ ግን አይልም። አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ስትመለስ አልጋዋ አንድ ራስ ጎድሎታል።

«ምን አደረግከው?»

«ለሥራ ፈለግኩት።»

«የሠርግ አልጋዬን? አልጋዬን አጎደልከው!»

«ባልሽ ከሚጎድል አልጋሽ ቢጎድል አይሻልም?»

ነገሩን ግን አልተወችለትም። ከዚያ ወዲህ መብራት ሊጠፋ ሲል፣ ባዶውን ቋሚ፣ ይቅርታ፣ ጎደሎውን ቋሚ በእጇ እየዳሰሰች «አልጋዬን አጎደልከው» ትለዋለች። እሱም በጨለማው ይስቃል። እኔ በዚያ ሳቅ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ የነበረው። ጉልላቱ በመለኪያው ጫፍ ላይ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ደግሞ ብሎኑ ላልቶ ታንከሩ ውስጥ ወድቆ ቀረ። አባቴ ያን ዕለት ራሰ መላጣ የሆነ እንጨት ተሸክሞ ደረጃውን እያቃሰተ ወጣ። «ታንከሩ የወጣ ቀን አወጣልሻለሁ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ማለላት። ታንከሩ ከመሬት ሳይወጣ እሱ መሬት ገባ። እናቴ ከዚያም በኋላ መብራት ልታጠፋ ስትል ያችኑ ቃል ትላት ነበር፤ የሚስቅላት ግን አልነበረም።

ከሰው ሥራ ሁሉ ወንድሜና እኔ የገባንበት አሮጌ የነዳጅ ታንከር ከመሬት የሚያወጣ ድርጅት ነው። እሱ የመቆፈሪያው ማሽን ኦፕሬተር፣ እኔ ደግሞ አየር ለኪ። ሥራዬ ትንሽ መሣሪያ ታንከሩ አፍ ውስጥ ሰድጄ ተኑና አየሩ ምን ያህል እንደሆነ ለአለቃ መንገር ነው። አፍንጫዬ ያላወቀውን ነገር መሣሪያ ገዝተውልኝ እለካለሁ ማለት ነው። ወንድሜ ራሱ ከተመለጠ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «በራው» ይለዋል። አለቃ ግን ታንከር ባለበት ይህን ስም ከለከሉ። አንድ ቀን አንዱ ከጉድጓድ ማዶ «በራ! በራ!» ብሎ ሲጠራው፣ የክሬኑ ሹፌር እሳት የተነሣ መስሎት እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጦ ነበር። ስለዚህ ሥራ ላይ ስሙ «መላጣው» ነው።

እናም ዘንድሮ ተራው የአባታችን ማደያ ሆነ። ማደያዋም፣ ጎማ ጠጋኙም፣ የእናታችን ክፍልም ሊፈርሱ ነው። እናቴ እግሯ ደክሟል፣ ልቧም እንደ ድሮው አይደለም። ሐኪሙ ደረጃ መውጣት ክልክል ነው ካላት ቆየ። እኔ ቤት ልትመጣ ተስማማን፤ የተስማማን መስሎኝ ነበር።

«ጎደሎ አልጋ ተሸክሜ ከሰው ቤት አልገባም» አለች።

«ከልጅሽ ቤት እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ከልጅም ቤት ቢሆን። ታንከሩ ይወጣል አይደል? ጉልላቴን አውጡልኝና እሄዳለሁ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ዞሮ በመስኮቱ ማደያዋን አየ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወንድሜ ሞኝ አይደለም፣ የያዘውን ግን አይለቅም።

ሥራው እንደ ወትሮው ጀመረ። የቀረው ቤንዚን በቦቴ ተቀዳ። ወንድሜ አፈሩን በማሽን እየዛቀ የታንከሩን ጀርባ ሲያወጣው፣ ዝገቱ ቀይ፣ ሆዱ እንደ ጉማሬ የተነፋ ነገር ብቅ አለ። በሕይወቴ ሙሉ ከበላዩ ሮጬበታለሁ፤ መልኩን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኮቻችንን ሁሉ አጥሩ በር ላይ አስቀመጥን፤ ብሎኖቹን የምንፈታው በነሐስ መፍቻ ነው። አባቴ ከአልጋ ላይ ጉልላት የሰረቀበትን ምክንያት ዛሬ ድርጅቱ በሣጥን አድርጎ ይሰጠናል። ከዚያ ደረቅ በረዶ በአፉ ጨመርንበት። ይህ በረዶ ሲተን ታንከሩን ሞልቶ አየሩን ያስወጣል፤ እሳትም የሚተነፍሰው ስለሚያጣ መነሣት አይችልም። ታንከሩን በክሬን ለማንሣት ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ችግሩ፣ እሳት በማይተነፍስበት ሰውም አለመተንፈሱ ነው።

ወንድሜ ከአፉ ላይ ተደፍቶ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ያይ ነበር፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራች፣ ብልጭታ የማታወጣ ባትሪ ናት። «እትዬ፣ ነይ እዪ» አለኝ። ታች፣ ከመለኪያው ቱቦ ትይዩ፣ ከዝገቱ አተላ መሐል አንድ ክብ ነገር ያብረቀርቃል። ያረጀ ቢሆንም፣ ብርሃኑ የእናቴ የአመድና የሎሚ ብርሃን መሰለኝ።

ለአለቃ ነገርናቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ እናታችንንም በመስኮት እጅ እየነሡ ያልፋሉ። «አወጣላቸዋለሁ» አሉ። «ግን እዚህ አይደለም። ግቢያችን ወስደን ታጥቦ፣ አየር ገብቶት፣ ከዚያ ይቆረጣል። ሳምንታት ይፈጃል።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬ ሳምንታት አላት?» አለኝ።

ሐኪሙ የነገረንን ሁለታችንም አብረን ነው የሰማነው።

በማግስቱ ጠዋት ለካሁ። አየር የሚባል ነገር ውስጡ የለም ማለት ይቻላል። ለአለቃ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው፤ ከምሳ በኋላ ይነሣል አሉ። ምሳ ሲደርስ ሠራተኛው ከአጥሩ ውጪ ወደ ጥላው ሄደ። አለቃም ክሬኑ የሚገባበትን ሊያሳዩ ወደ መንገድ ወጡ። የታንከሩን አፍ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ያን ቀን ግን ወንድሜ «አንተ ሂድ ብላ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ» ብሎ ሸኘው። ከወንድሜ የበለጠ ታማኝ ጠባቂ የት ይገኛል? ሰውየውም አመስግኖ ሄደ።

እኔ ከጉድጓዱ ማዶ መተንፈሻ ቱቦው ጋ ነበርኩ። ቀና ስል ወንድሜ አፉ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ እስከ ጭኑ ውስጥ ናቸው። አንዲት አጭር መሰላልም አስገብቷል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አትጩሂ፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ወርጄ አንሥቼ ነው የምወጣው።»

«ውጣ! ጠዋት ለክቼዋለሁ፣ አየር የለውም!»

«በረዶው ገብቷል እኮ፤ እሳት አይነሣም። ሽታ እንኳ የለውም። ምንም የለውም፤ ባዶ ነው።»

ባዶ አለ። በሒሳብ ፈተና «ተቀዳሁ» ያለው ልጅ፣ የዚያ ሰው ልጅ፣ አፉን ሞልቶ ባዶ ነው አለኝ። ሽታ የለውም የሚለው ደግሞ ያ አፍንጫው ነው! ቤንዚን ከእናቱ ወተት እኩል የለመደ አፍንጫ ምን ብሎ ይመሰክራል? ሌላ ሰው ቢሆን ሽታው ራሱ ገፍትሮ ያስወጣው ነበር። ወንድሜን ግን የቤቱ ሽታ ነው የሚጠራው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እሱ ጋ ለመድረስ ጉድጓዱን መዞር አለብኝ፤ አፈሩ ልል ስለሆነ በጫፉ መሮጥ አይቻልም። ብጮህበት ደግሞ ይፈጥናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እኔ ስጮህበት የጀመረውን ነገር ቶሎ መጨረስ ነው ልማዱ። እዚያ የገባ ሰው ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም በላዩ ይወድቃል። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። እናም ወንድሜ ቢወድቅ ተከትዬው እንደምገባ አወቅሁ። ትምህርቴ ሁሉ ከራሴ ላይ ጠፋ። ማዶ መስኮቱ ላይ የእናቴን ነጭ ሻሽ አየሁ፣ ሁለታችንን በአንድ ቀን ልታጣ እንደሆነ ታወቀኝ። ያለኝ አንድ ነገር ጩኸት ብቻ ነበር።

«እማዬ!» አልኩ።

ከዚያ በላይ ምንም አላልኩም። እናቴ ግን ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ናት፤ ሁሉን አይታለች። የባሏን ሥራ ከዚያ መስኮት ስታይ የኖረች ሴት ታንከር ውስጥ የገባ እግር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግራትም። መስኮቱ ተበረገደ። ያ ድሮ ለምሳ የሚጠራን ድምፅ፣ ሞተ ያልኩት ድምፅ፣ መንገዱን አቋርጦ መጣ።

«አንተ ልጅ! ተገኘ! ጉልላቴ ተገኘ! ና ቶሎ!»

ወንድሜ አንገቱን አዞረ። «ምን አለች?»

«አግኝቼዋለሁ አልኩህ እኮ! እዚሁ ነው ያለው! ተነሣና ና፣ ምሳ ቀዝቅዟል!»

ምሳ የሚባል አልነበረም፤ አልጋ ላይ ከዋለች ወራት የሆናት ሴት ምን ምሳ ታበስላለች? ወንድሜ ግን አላሰበም። የያዘውን ጥሎ መጣ። አንዱን እግሩን አወጣ፣ ሌላውን አወጣ፣ ቆመ። ዞሬ ስደርስ በሸሚዙ አንገት ይዤ ከአፉ አራቅሁት፤ በጓንቴ ፊቱን፣ ራሱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ መታሁት። አልተከላከለም። «ተገኘ እኮ አለች» ይለኛል እየደጋገመ።

አለቃ ሩጫዬን አይተው መጡ። መሰላሏን ከአፉ ውስጥ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለን ነበር። «ሁለታችሁም ከዚህ ውጡልኝ። እናታችሁ ጋ ሂዱ» አሉ።

ደረጃውን ወጣን። እናቴ ከትራሱ ላይ ተደግፋ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ትንፋሽ አሳጥቷት፣ ደረቷን ይዛ ነበር። ገና ሳንደርስባት ዓይኗን ጨፍና አየሩን ሳበች።

«አባታችሁ የገባ መሰለኝ» አለች። «ሁለታችሁም አባታችሁን አባታችሁን ትሸታላችሁ።»

እንደ ልጅነታችን እጄን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ። ወንድሜም የሸሚዙን እጅጌ አሸተተ። ምንም አልሸተተንም። ተያየን፣ እንባዬ መጣ።

ወንድሜ ዓይኑ አልጋው ላይ ዞረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጉልላት። አራተኛው ቋሚ እንደ ድሮው ራሰ ቁርጥ ነው።

«እማዬ፣ ተገኘ አላልሽም? የታለ?»

«ና ላሳይህ። ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አለ። እናቴ እጇን ዘርግታ መዳፏን በመላጣ ራሱ ላይ አሳረፈች፤ ጉልላቶቹን ስታጸዳ እንደምታደርገው ዙሪያውን ቀስ ብላ አሸችው።

«ይኸው» አለች። «ይኸው ጉልላቴ። እኔ መቼ ዋሸሁ? ባሌ እንዳይጎድል አልጋዬን አጎደለው፤ አልጋዬ እንዲሞላ ልጄን ላጉድል?»

ወንድሜ አልጋው ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ እስኪበቃው ድረስ መዳፏን አላነሣችም። «እኔ ቀልድ አወራሁ፣ አንተ ቁም ነገር አደረግከው» ብላ ራሷንም ወቀሰች። ከዚያ አፍንጫውን በሻሿ ጫፍ ጠረገችለትና «መጥፎ አፍንጫ!» አለችው፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ታንከሩ በማግስቱ በደህና ተነሣ። ወንድሜን ለተወሰነ ጊዜ ከታንከር ሥራ አራቁት፤ እኔም ተግሣጼን ተቀበልኩ፤ ሁለታችንም አላኮረፍንም። ከሳምንታት በኋላ አለቃ ታንከሩ ታጥቦ ሲቆረጥ እኔን አስጠርተው አተላውን አብረን አበጠርን። ያ የሚያብረቀርቀው ነገር የአሮጌ ጣሳ ክዳን ነበር። ጉልላቱን ዛሬም አላገኘነውም። አፈሩ ይብላው፣ አተላው ይውሰደው፣ አላውቅም። ለእናቴ ስነግራት «አላልኩሽም?» ብላ ትራሷን አስተካከለች።

ሐኪሙ የፈራው አልደረሰም፤ እስካሁን አለችልኝ። አልጋዋ እኔ ቤት መስኮት አጠገብ ነው፤ ከመስኮቱ የሚታይ ፓምፕ ግን የለም፣ ይህም ቅር ይላታል። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይላል፤ የሥራ ቆቡን አውልቆ በአራተኛው ቋሚ ጫፍ ላይ ይደፋዋል። እናቴም ዞር ብላ አይታው፣ «አሁን ሞላ» ትላለች። ጨዋታው ያልቅና ሊሄድ ተነሥቶ ቆቡን ሲያነሣ ግን ትቆጣዋለች።

«አልጋዬን አጎደልከው!»

እሱም በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ሳቁ የአባቴ ነው።